ሼህ ጡሃን በባዶ ስማቸው የጠራንበት ክረምት

አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዕድሜ ያለች የመካነ ሰላም ሴት ስለ ልጆቿ ሠርግ ነው የምታስበው፤ እኔ ደግሞ የሰው ማተሚያ ሆድ ዘርግፌ፣ እጄ በጥቁር ቀለም ተነክሮ፣ «ይሄ ብሎን ከየት ነው የወጣው?» እያልኩ የምውል ሴት ነበርኩ። ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ባለፈው ሰሞን ጤና ጣቢያ ተራ ስጠብቅ የሆነው ነው። ልጄ የምትሆን አንዲት ነርስ በሩ ላይ ብቅ አለችና «ዘሃራ ይመር!» ብላ ተጣራች። እትዬ የለ፣ እማማ የለ፣ ዘሃራ ብቻ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ሻሻቸውን እያስተካከሉ «ያ ረቢ! እኩያዋን ነው እንዴ የምትጠራው?» ብለው ሊቆጡልኝ ሲሉ ሳቄ መጣ። «ይተዉዋት፤ ማሽን በባዶ ስም ሲጠሩበት ነው የሚፈጥነው» አልኳቸው። ሴትዮዋ ትኩሳቱ አናቴ ላይ የወጣ መስሏቸው እዚያው ዱዓ አደረጉልኝ።

ሱቄ ወደ መናኸሪያ በሚወርደው መንገድ መታጠፊያ ላይ ነበረች፤ አሁን ፎቅ የቆመበት። በቀኜ ጫማ ሰፊ፣ በግራዬ ዳቦ ቤት። ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ የሚመጣው ሙቀት ለማሽኖቼ ጠላት ቢሆንም ለእኔ ግን በሐምሌ ብርድ ወዳጅ ነበር። ፎቶ ኮፒ ገጹ ሃምሳ ሳንቲም፣ ማመልከቻ ማስጻፍ ሦስት ብር፣ ስልክ ላይ ዘፈን መጫን ደግሞ አሥሩ በአምስት ብር። ያኔ ኢንተርኔት በየሰው ኪስ አልገባም። ጎረምሳው ሁሉ ጉልበቱ ላይ የተቀደደ ጂንስ ለብሶ፣ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልሎ ይመጣል። «እትዬ ዘሃራ፣ ዘፈን ሙይልኝ፤ ከፊት ከፊቱ ግን መንዙማ አድርጊበት፣ አባዬ ሲከፍተው እንዳይቆጣ» ይለኛል። እኔም መንዙማውን ከፊት አሰልፌ ዘፈኑን ከኋላ እደብቃለሁ። የከተማው አባቶች በሙሉ ልጆቻችን መንዙማ ይወዳሉ እያሉ ደስ ብሏቸው ኖሩ። ትምህርቴ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ኮምፒውተሩን የተማርኩት በማበላሸት ነው፤ አንዱን አበላሽቼ ሳስተካክል፣ ያ ሲስተካከል ሌላው ሲበላሽ፣ እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሰው «ዘሃራን ጥሯት» ማለት ጀመረ። አሁን ልጆቹ ሁሉን በስልካቸው ያወርዳሉ፤ ከፊት መንዙማ የሚያስቀድም የለም፣ የሚቆጣም አባት ያለ አይመስለኝም።

ታናሽ ወንድሜ እንድሪስ በዚያ ዘመን የማዳበሪያ መጋዘኑ ጸሐፊ ነበር። መጋዘኑ ከከተማው ጫፍ፣ የከላላ ሰዎች በበቅሎ በሚገቡበት በኩል፣ ነፋስ የማይለየው ሜዳ ላይ የቆመ ትልቅ የቆርቆሮ ቤት ነው። ክረምት ሲገባ ሜዳው በበቅሎና በአህያ ይሞላል፤ የረጠበ ጋቢና የዩሪያ ሽታ ተደባልቆ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሽማግሌዎቹ በሽርጣቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ከላይ ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው፣ ከታች የላስቲክ ቦቲ ያደርጋሉ። ከዚያ በፊት ማዳበሪያ የሚታደለው በጩኸት ነበር፤ ጉሮሮ ያለው ይወስዳል። ያን ዓመት ግን ሲስተም መጣ። የዞኑ ገበሬ ስም ሁሉ ከመሬት ማረጋገጫው ላይ እየተገለበጠ ደሴ በተቀመጠ አንድ ማሽን ውስጥ ገባ። እንድሪስ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ ስሙን ይጽፋል፣ ማሽኑ ይፈልጋል፣ ድርሻው ይወጣል፣ ትንሿ ማተሚያ ኩፖን ትቆርጣለች፣ ገበሬው ጆንያውን ጭኖ ይሄዳል። በቁጥር መፈለግ የሚባለው ገና አልመጣም፤ በስም ብቻ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ጠርጣራ ነው፤ «በጓዳ ምን እንደምትጽፉ ማን ያያል?» ስላለ የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ አንድ ሰፊ ቴሌቪዥን ገዝቶ መስኮቱ አናት ላይ ሰቀለ። እንድሪስ የሚጽፋት እያንዳንዷ ፊደል ለሜዳው ሁሉ ትታያለች። ማንበብ የማይችለው እንኳ አንጋጦ ያያል። ማሽን ሲታመም እኔ እጠራለሁ፤ ስምምነታችን ይህ ነበር።

ማሽኑ መታመም የጀመረው ወዲያው ነው። ጠዋት ጠዋት ቀጥ ይላል። ስም ይጻፋል፣ ያቺ ክብ ነገር መዞር ትጀምራለች፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ አንድ ስም እስክትፈልግ ሻይ ተፈልቶ ይጠጣል። ከሰዓት በኋላ ሜዳው ሲሳሳ ደግሞ እንደ በራሪ ይሮጣል። ያላየሁት የለም። መብራቱ ይሆናል ብዬ ጄኔሬተር አስነሳሁ። ሙቀቱ ይሆናል ብዬ ማሽኑን ከፍቼ አቧራውን በብሩሽ አራገፍኩ። ገመዱን ቀየርኩ፣ ቫይረስ ፈተሽኩ፣ መስመሩ ደክሞ እንደሆነ ብዬ ሌላ ገጽ ስከፍት በደቂቃ ውስጥ ይከፈታል። ደሴ የተቀመጠውን የሲስተሙን ባለሙያ በስልክ ስጠይቀው፣ ዳዊት ይባላል፣ ድምፁ የማይሰለች ደግ ልጅ ነው፣ «እትዬ፣ ወረኢሉ እየሠራ ነው፣ ሌላውም ቦታ እየሠራ ነው። ችግሩ እናንተ ጋ ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነ ግን እኔም አልታየኝም» ይለኛል።

እኛ ዘንድ ሰልፍ ማለት ቀድሞ የመጣ ይቅደም አይደለም፤ ትልቅ ይቅደም ነው። ጎረምሳው ከንጋት ጀምሮ ቢቆምም ሽማግሌ ሲያይ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል። ስለዚህ ጠዋቱ የሽማግሌ ነው፣ ከሰዓት የወጣት። እንግዲህ ሰው የሚያየውን አስቡት፤ ሽማግሌው ጠዋት ብርድ ላይ ቆሞ ባዶውን ይመለሳል፣ ጎረምሳው ከምሳ በኋላ ደርሶ ጭኖ ይሄዳል። ዝናቡ አልጠበቀ፣ የስንዴው መዝሪያ እያለፈ ነው። ወሬው ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም፤ «እንድሪስ ማዳበሪያውን ለነጋዴ ሸጦታል፤ ጎረምሶቹ የነጋዴ ተላላኪዎች ናቸው፤ ማሽኑን የሚያቆመው ራሱ ነው» ተባለ። በጣቱ ከጠረጴዛው ሥር የሚነካት ነገር አለች ያሉም ነበሩ።

በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ቃል አወጡ። ነገ ገበያ ነው፤ እስከ ዙሁር፣ እስከ ቀትሩ ሶላት ድረስ ማዳበሪያችን ካልወጣ፣ ከሶላቱ በኋላ እዚያው ሜዳ ላይ ሆነን ማሽኑን ባቆመው እጅ ላይ ዱዓ እናደርጋለን አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም። ወሎ ያላደገ ሰው የዚህን እርግማን ክብደት ላይረዳው ይችላል። ፖሊስ ቢመጣ ዋስ ይጠራል፣ ክርክር አለ፣ ይግባኝ አለ። ያ ሁሉ ሽበት እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ በአንድ አፍ «አሚን» ያለበት ሰው ግን ለማን ይግባኝ ይላል? ሚስት ውሃ ስታቀብለው ትፈራዋለች። ክርስቲያኑም ከሙስሊሙ እኩል ይፈራል። የእንድሪስ ሚስት ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን በሆዷ ይዛ ነበር። እንድሪስ ማታ ቤቴ መጥቶ እራት አልበላም አለ። «እትዬ፣ አላህ ያውቃል፣ አንድ ጆንያ አልነካሁም» አለኝ። «አውቃለሁ» አልኩት። «አንቺማ ታውቂያለሽ። አሚን የሚሉት ግን አንቺ አይደለሽም» አለና ተነስቶ ሄደ።

በማግሥቱ ጠዋት ጉሙ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር፤ የበቅሎዎቹ ጆሮ ብቻ ከላይ ይታያል። በመስኮቱ ውስጥ በእንድሪስ ጎን ቆምኩ። የሽማግሌዎቹ ሁሉ አውራ የሆኑት ሼህ ጡሃ ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ቀጭን ናቸው፣ ቁመተ ረጅም፤ እኔንም እንድሪስንም ቁርአን ያስቀሩን፣ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። ከኋላ ልጅ ያዘለች ከድጃ የምትባል መበለት አዩና «ኑ፣ ይቺ ትቅደም፣ የሕፃኑ እግር ቀዝቅዟል» ብለው አስቀደሟት። እንድሪስ «ከድጃ አህመድ» ብሎ ጻፈ። ገና እጁን ከማንሳቱ ስሟ ወጣ፣ ድርሻዋ ወጣ፣ ማተሚያዋ ጠርር አለች፣ ኩፖኗን ያዘች። ሜዳው በሙሉ «እ!» አለ። ቀጥሎ ጋሼ ተሰማ ቀረቡ፤ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ የሼህ ጡሃ የልጅነት ባልንጀራ። እንድሪስ ጻፈ። ክቧ መዞር ጀመረች።

እንድሪስ «ቢስሚላህ» ብሎ መፈለጊያዋን ደግሞ ተጫነ። ዞረች። «ቢስሚላህ» ብሎ ሠለሰ። ግንባሩ ላይ ላብ አየሁ፣ በዚያ ብርድ።

«እንድሪስ፣ ተው፣ አትደጋግም» አልኩት።

«ምናልባት አልሰማችኝ ይሆናል።»

ከድጃ ጆንያዋን አህያ ላይ እያስጫነች ዞር አለችና በዚያ በገበያ ድምጿ «አይ ማሽን! እኔን መበለቷን በአንድ ትንፋሽ ሸኘኝ፤ ሽማግሌ ሲያይ ነው እንዴ ቀልቡ የሚገፈፈው!» አለች። ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ጥሩ ሳቅ አልነበረም። አንድ ከኋላ የቆመ «ቀልቡ ሳይሆን ኪሱ ነው!» ብሎ ጮኸ። ጋሼ ተሰማ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

እኔ ግን የከድጃ ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ሽማግሌ ሲያይ። ይህን ሁሉ ሰሞን ጠዋትና ከሰዓት እያልኩ ሰዓቱን ነበር የማየው፣ መስመሩን፣ ሙቀቱን። ሰውየውን አላየሁም። ጠዋቱ የሽማግሌ ነው፤ ከሰዓቱ የወጣት ነው። ታዲያ ማሽን የሰው ዕድሜ በምን ያውቃል? ስልኬን አወጣሁና ዳዊት ዘንድ ደወልኩ።

«እትዬ፣ አሁንም ቆመ አይደል?» አለኝ። «ከዚህ ሆኜ አየዋለሁ፤ ከእናንተ መስኮት ብቻ መዓት ፍለጋ ተንጠልጥሏል። አንዱ ሳያልቅ ሌላ እየጨመራችሁ ነው፤ በተጫናችሁ ቁጥር እንደ አዲስ ነው የሚጀምረው።»

እንድሪስን አየሁት፤ እጁን ከመጫኛዋ ላይ እሳት እንደነካው ሰው አነሳ።

«እሱስ ይሁን፣ መጀመሪያውኑ ለምን ዘገየ? መበለቷን በቅጽበት አገኛት» አልኩ።

«ማንን እየፈለጋችሁ ነው? የጻፋችሁትን ፊደል በፊደል ንገሪኝ።»

ስክሪኑን እያየሁ «ጋ፣ ሼ፣ ተ፣ ሰ፣ ማ...» አልኩ።

«ቆይ፣ ቆይ። ጋሼ ነው ስማቸው?»

«ኧረ ስማቸውስ ተሰማ ነው።»

«ጋሼስ ምንድን ነው?»

«ጋሼማ... ጋሼ ናቸዋ!»

ዳዊት ቀስ ብሎ፣ ለራሱ እንደሚያወራ ሰው «የደሴ ልጅ ሆኜ ይህ ሳይታየኝ!» አለ። አስረዳኝ። ማሽኑ ስም የሚይዘው ከመጀመሪያው ፊደል ነው። «ተ» ተብሎ ከተጻፈ ቀጥ ብሎ በ«ተ» የሚጀምሩት ወደሚቀመጡበት ይሄዳል፤ ሌላውን ዞር ብሎም አያይ። «ጋሼ» ከቀደመ ግን «ጋ» ዘንድ ይሄዳል፤ ጋሼ ተሰማ የሚባል እዚያ የለም፤ ከመሬት ማረጋገጫው የተገለበጠው «ተሰማ» ብቻ ነው። ያኔ ማሽኑ ተስፋ አይቆርጥም፤ ምናልባት ስሙ መሐል ላይ ይሆናል ብሎ የዞኑን ገበሬ ሁሉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ በአንድ እያገላበጠ ይፈልጋል። «ከተማ ሙሉ ቤት ለቤት እያንኳኩ እንደ መፈለግ ነው፣ እትዬ» አለኝ። ከሽማግሌዎቹ ደግሞ ሼህ ያልተባለ፣ ሐጂ ያልተባለ፣ ጋሼ፣ አባ፣ ቄስ ያልተባለ ማን አለ? ያ ሁሉ ሽበት በአንድ ጠዋት ተሰልፎ፣ በእያንዳንዱ ላይ እንድሪስ በቢስሚላህ ደጋግሞ ሲጫን፣ ማሽኑ ሺህ በር እያንኳኳ ይውላል።

«ወረኢሉስ ሽማግሌ የለም?» አልኩት።

«ቴሌቪዥን የላቸውም» አለ ዳዊት። «ጸሐፊው ለብቻው ነው የሚያየው፤ ባዶ ስሙን ጽፎ ይጨርሳል። የተንጠለጠሉትን ከዚህ ሆኜ ላቋርጥልሽ፤ አንቺ ግን ባዶ ስማቸውን አስጽፊው።»

አየሁት ወንድሜን። ሰምቷል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ አልችልም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሼህ ጡሃን 'ጡሃ' ብዬ ልጻፍ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ያስቀሩኝን ሰው?»

«ቴሌቪዥኑን እናጥፋው?»

«ካጠፋነውማ አለቀልኝ። ይኸው ሰረቀ ይላሉ።»

እውነቱን ነው። ቴሌቪዥኑ ከጠፋ ሌባ ነው፤ ካልጠፋ ባለጌ ነው። ሁለቱም መጨረሻቸው ያው እጅ መዘርጋት ነው። ጉሙ ተነስቶ ፀሐይ ወጥታ ረፋዱ ገፍቶ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ከሰልፉ እየወጡ፣ ከውሃ ጆግ አጠገብ የሸሚዛቸውን እጅጌ እየጠቀለሉ ለውዱእ፣ ለሶላቱ ትጥበት መዘጋጀት ጀመሩ። በዚህ ሁኔታ አሁን ሌላ ሙከራ ለማድረግ ጊዜ የለም። ሻሼን አጥብቄ በጓሮው በር ወጣሁና ሼህ ጡሃ ወደተቀመጡበት ድንጋይ ሄድኩ። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ያዙኝ።

«ምነው ዘሃራ? ወንድምሽ ልኮሽ ነው?»

«አልላከኝም፣ አባዬ። ማሽኑን ያቆመውን እጅ አገኘሁት።»

ዙሪያቸው ያሉት ሁሉ ጆሯቸውን አቀኑ። ሐጂ ሙስጠፋ የሚባሉት፣ ጢማቸውን በሂና የቀቡት፣ «ተናገሪዋ! የማን ነው?» አሉ።

«የሁላችንም ነው» አልኩ። እንደ ልጅ ነገርኳቸው። ማሽኑ ሼህ እንደማያውቅ፣ ሐጂ እንደማያውቅ፤ እንድሪስ ባዶ ስማቸውን ለመጻፍ አፍሮ ማዕረጋቸውን እያስቀደመ እንደሚጽፍ፣ ያ ማዕረግ ደግሞ ማሽኑን የዞኑን በር ሁሉ እንደሚያስንኳኳው። «ባዶ ስማችሁን ካልጻፈ ማዳበሪያው አይወጣም። ባዶ ስማችሁን ከጻፈ ደግሞ ይኸው ከላይ ይታያል። እሱ ሊጽፈው አልደፈረም» አልኩ።

ሐጂ ሙስጠፋ ተቆጡ። «ይህማ ተረት ነው! እኔ ባሕር ተሻግሬ ያመጣሁትን ስም ማሽን ይጥልብኛል?»

ጋሼ ተሰማ ከዘራቸው ላይ ተደግፈው «እኔን በዚያ ብርድ ያቆመኝ ጋሼ መባሌ ነው እንዴ? ወላሂ፣ ይህን ባውቅ ልጅ ሆኜ እመጣ ነበር» አሉ። አንዳንዱ ሳቀ። ሼህ ጡሃ ግን አልሳቁም። እጃቸውን አዩ፤ ውሃው ገና ከጣታቸው ይንጠባጠባል። እምቢ ካሉ፣ ሌላው ሁሉ እምቢ ይላል፤ ከሶላቱ በኋላ ያ እጅ ወደ ሰማይ ይዘረጋል።

«ዘሃራ» አሉኝ በመጨረሻ።

«አቤት፣ አባዬ።»

«ቀብር ውስጥ መላእክቱ ሙንከርና ነኪር ሲጠይቁኝ ሼህ ብለው የሚጠሩኝ መስሎሻል?»

ሼህ ጡሃ ተነሱ፣ ጋቢያቸውን አጣፉ፣ ወደ መስኮቱ ሄዱ። ሰው እንደ ውሃ ተከፈለ። እንድሪስ ከወንበሩ ዘሎ ተነሳ።

«ተቀመጥ» አሉት። «ጻፍ። ጡሃ ሙሔ።»

«አባዬ፣ እኔ...»

«ጡሃ ሙሔ። እናቴ ያወጣችልኝ ስም ነው፣ ምን ነውር አለው?»

እንድሪስ ጣቱን መጫኛው ላይ አደረገ፣ አልተጫነም። ከሜዳው ላይ ሁሉም አንጋጦ ቴሌቪዥኑን ያያል። ሼህ ጡሃ ዝቅ ብለው በመስኮቱ ቀዳዳ እጃቸውን አስገቡና የእንድሪስን እጅ ያዙ፤ ልጅ ሆኖ አሊፍ ባ ሲያስቀሩት ጣቱን በሰሌዳው ላይ እንደሚያስሄዱት። «በል አብሽር» አሉት። ጻፈ። «ጡ» ሲል ከኋላ አንዲት ሴት «ውይ!» አለች። «ሃ» ሲል አንድ በቅሎ ብቻ ልጓሟን አንቃጨለች። አንዴ ተጫነ፣ አንዴ ብቻ።

ክቧ አልዞረችም። ስሙ ወጣ፣ ድርሻው ወጣ፣ ማተሚያዋ ጠርር አለች። እንድሪስ ኩፖኑን በሁለት እጁ አቀረበ። ሼህ ጡሃ ተቀብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ወረቀቱን ከፍ አድርገው «ይኸው፣ ማሽኑ አልሰረቀም። ክብራችን ነው የከበደው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሠርግ ይመስላል። ጋሼ ተሰማ መስኮቱ ላይ መጥተው «ተሰማ በለኝ! ተሰማ፣ የወርቄ ልጅ!» ብለው ጮኹ። አንድ ቄስ «እኔንም ራቁቴን ጻፈኝ» አሉ። ስማቸው በባዶው ከላይ ሲወጣ ልጆቻቸው አፍረው ዓይናቸውን ይሸፍናሉ፤ ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርሳቸው እየተጠቋቆሙ ይስቃሉ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ያልሰሙት ስም ነዋ። ጎረምሳው ሁሉ ያንን ጠዋት የአያቱን ትክክለኛ ስም አወቀ። ችግር የሆኑት ሐጂ ሙስጠፋ ብቻ ናቸው። «እኔ ሐጂ ካልተጻፈ አልወስድም» አሉ። እንድሪስም ፈራና «ሐጂ» ብሎ ጻፈ፤ ያቺ ክብ መዞር ስትጀምር ሜዳው ሁሉ «ኧረ ሐጂ! ኧረ በአላህ!» ብሎ ጮኸ። ስልኬን ይዤ ዳዊትን ቶሎ እንዲያቋርጥልን ለመንኩት። ሐጂም ግራ ቀኝ አይተው፣ የሚደግፋቸው እንደሌለ ሲያውቁ፣ ጀርባቸውን ለቴሌቪዥኑ ሰጡ፣ ሁለት ጣታቸውን ጆሯቸው ውስጥ ከተቱ። «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ የፈለጋችሁትን ጻፉ» አሉ። የሐጂ ሙስጠፋ ማዳበሪያ እንዲህ ወጣ።

ለዙሁር አዛን ሲደረግ ሜዳው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሰገዱ። ከሶላቱ በኋላ እጅ ተዘረጋ፤ እኔ ከመጋዘኑ ጥግ ቆሜ እሰማ ነበር። ሼህ ጡሃ ዝናቡን በልክ አድርግልን አሉ፣ አሚን ተባለ። የዚህን ልጅ የቤቱን ፍሬ በሰላም አውጣለት አሉ፣ አሚን ተባለ፤ የጋሼ ተሰማ ድምፅ ከሁሉም በልጦ ተሰማኝ። ማሽኑን አላነሱትም።

ዳዊት ሳምንቱ ሳያልቅ ከስሙ ሳጥን ፊት አንዲት ትንሽ ሳጥን ጨመረልን። ሼህ፣ ሐጂ፣ ቄስ፣ ጋሼ፣ እማማ እየተባለ እዚያ ይመረጣል፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ይታያል፣ ማሽኑ ግን ሲፈልግ አያየውም። እስከ ዛሬ የከተማው ቢሮ ሁሉ እንደዚያ ያለች ሳጥን ቢኖረው እላለሁ። ጤና ጣቢያው የለውም፣ ባንኩም የለውም፤ ቶሎ ይጠሩሻል፣ ግን ዘሃራ ነሽ። ሽማግሌዎቹ ከዚያ ወዲያ የሚያመሰግኑት የማሽኑን ፍጥነት አልነበረም፤ ያችን ሳጥን ነበር። ሐጂ ሙስጠፋ ስማቸው ከነሐጂው በቴሌቪዥን ሲወጣ ለማየት ብቻ፣ ተራቸው ሳይደርስ የሚመጡበት ቀን ነበር።

እንድሪስ ያን የገበያ ቀን ከሰዓት፣ ሰልፉ ሲያልቅ፣ መጋዘኑን ዘግቶ ወጣ። ቤቱ አልሄደም። የእኛን በሬዎች ከግጦሽ መልሶ ጠመደና ወደ ሼህ ጡሃ ማሳ ነዳቸው። የቀረውን ስንዴያቸውን ዘራላቸው፣ ማዳበሪያውንም በእጁ በተነላቸው፤ ሲጨርስ ቀንበሩን በትከሻው ተሸክሞ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ቤቱ ገባ።